የጦጣና የሰው አንጎል አንድ ቦታ ላይ «ቢበራ» ሐሳባቸው አንድ ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ የሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ሰውና ጦጣ አንድ ዓይነት የማስታወስ ፈተና ሲሠሩ በሁለቱም አንጎል ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል እንደሚበራ አነበብኩ። ጓደኞቼ ‹እንግዲያው ጦጣም እንደኛ ያስባል› ብለው ተከራከሩኝ። እኔ ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፌ የ12 አይጦችንና የ12 ተማሪዎችን የአንጎል ሞገድ ጎን ለጎን ላወዳድር አስቤ ነበር። አማካሪዬ ‹አይሆንም› አሉኝና ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ስብሰባ ገቡ። የአይጥ አንጎል የኛው ትንሽ ቅጂ ከሆነ ለምን አይሆንም?»

ምላሽ፦ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ምክንያቱን ሳይነግሩሽ መሄዳቸው ግን ልክ አይደለም፤ እዚህ ጉዳይ ላይ ከመልሱ ይልቅ ምክንያቱ ነው የሚጠቅምሽ። ማወዳደር በራሱ ኃጢአት የለበትም። ስለ ትውስታ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው እንስሳንና ሰውን በማወዳደር ነው። ችግሩ ጥያቄሽ ውስጥ ሳይፈተሹ ያለፉት ቃላት ናቸው፦ «በራ»፣ «ትንሽ ቅጂ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «አንድ ዓይነት ፈተና»።

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። ስለ ሐሳብ ከማውራታችን በፊት የመለኪያው ነገር ይቅደም። አንጎል ውስጥ የሚበራ ነገር የለም። ያየሽው ቀይና ቢጫ ኮምፒውተር የቀባው ቀለም ነው። የሰውን አንጎል ሥራ ላይ ሳለ ለማየት ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው ፈንክሽናል ኤምአርአይ የሚባለውን ዘዴ ነው። ይህ ማሽን ሐሳብን አያይም። የነርቭ ሴልንም አያይም። የሚያየው ደም ነው። አንድ አካባቢ ሥራ ሲበዛበት ኦክስጅን የያዘ ደም ይጎርፍለታል። ኦክስጅን የያዘውና ያልያዘው ደም ደግሞ ማግኔት ውስጥ ጠባያቸው ይለያያል። ሴይጂ ኦጋዋ የተባለ ጃፓናዊ ሳይንቲስት ይህን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1990 አሳየ። በምን ላይ? ራት በሚባለው ትልቁ የላብራቶሪ አይጥ አንጎል ላይ። ሰው ላይ የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ በ1992 ነው። የሰውን ሐሳብ ያሳያል እየተባለ የሚወራለት ዘዴ መጀመሪያ የተሞከረው በአይጥ ነበር ማለት ነው።

ፒያሳ ያለ አንድ ማኪያቶ ቤት አስቢ። ውስጥ መግባት ተከልክለሻል እንበል። ስንት ማኪያቶ እንደተሸጠ ለማወቅ ውጭ ቆመሽ የሚገባውን ወተት ትቆጥሪያለሽ። ወተት በዛ ማለት ሽያጭ በዛ ማለት ነው። ግን ወተቱ የሚመጣው ሽያጩ ከተጧጧፈ በኋላ ነው፤ ማን እንዳዘዘና ምን እንደተወራም አይነግርሽም። ፈንክሽናል ኤምአርአይ ይኸው ነው። የደሙ ምልክት ጫፍ የሚደርሰው ሴሎቹ ከሠሩ ከ5 ወይም 6 ሰከንድ በኋላ ነው። ምስሉ ላይ እንደ አንድ ነጥብ የምታይው ነገር ጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር የሆነ ኩብ ነው፤ ውስጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች አሉ። አንቺ ልትጠቀሚበት ያሰብሽው ኢኢጂ፣ ማለትም የራስ ቆዳ ላይ በሚደረግ ኤሌክትሮድ የአንጎልን ሞገድ የመቅዳት ዘዴ፣ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ጫጫታውን እንደመስማት ነው። ሰዓቱን በትክክል ይነግርሻል። ከየትኛው ጠረጴዛ እንደመጣ ግን ግምት ነው።

እንስሳ ላይ የሚደረገው ሌላ ነው። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ አንጎል ውስጥ ይገባል። ባሪስታው አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን ትዕዛዝ እንደመስማት ማለት ነው። ሆአኪን ፉስተርና ጋሬት አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1971 በጦጣ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጦጣው ምግቡ የት እንደተደበቀ ያያል። መጋረጃ ይወርዳል። ይጠብቃል። ከዚያ ይመርጣል። በጥበቃው ጊዜ፣ ዓይኑ ፊት ምንም ነገር በሌለበት፣ ከግንባሩ ጀርባ ያሉ አንዳንድ ሴሎች መተኮሳቸውን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት መላካቸውን፣ አላቆሙም። ኩቦታና ኒኪ የተባሉ ጃፓናውያንም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ይህ ግኝት ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል፤ ያነበብሽው ጽሑፍ ሥሩ እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ጽሑፉን መልሰሽ አውጪና «ዘዴ» የሚለውን ክፍል አንብቢ። የጦጣው በሽቦ፣ የሰው በደም ከተለካ፣ ከፊትሽ ያለው አንዱ ማኪያቶ ቤት በትዕዛዝ፣ ሌላው በወተት ተቆጥሮ ነው። ድልድይ የለም አልልም። ኒኮስ ሎጎቴቲስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በጦጣ ላይ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለክተዋል። የደሙ ምልክት ይበልጥ የተስማማው ሴሎቹ ወደ ውጭ ከሚተኩሱት ጋር ሳይሆን አካባቢው ከሚቀበለውና እዚያው ከሚያብላላው ጋር ነበር። ስለዚህ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ማሽኑ ራሱስ ምን ያህል ይታመናል ካልሽ፣ የዓሣውን ነገር ስሚ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ሳልሞን ዓሣ ማሽን ውስጥ አስተኙ። የሰዎች ፎቶ እያሳዩ «ይሄ ሰውዬ ምን ተሰምቶታል?» ብለው ጠየቁት። ዓሣው የሞተ ነው። ስሌቱን ሳያርሙ ሲሠሩት የሞተው ዓሣ አንጎል ውስጥ ቀይ ነጥብ ወጣ። ሲያርሙት ጠፋ። በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ የሚፈትሽ ሰው ጥቂቱ በአጋጣሚ ይቀላበታል። ማሽኑ አልዋሸም፤ ስሌቱ ነው መታረም የነበረበት። ቀለም ያለው ምስል ባየሽ ቁጥር ይህ ዓሣ ትዝ ይበልሽ።

ወደ «ትንሽ ቅጂ» ልለፍ። በኛ ቋንቋ ሁሉም አይጥ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ ግን ትልቁን ራት፣ ትንሹን ማውስ እንላለን። የማውስ አንጎል ሽምብራ ያክላል፤ ግማሽ ግራም አይሞላም። ነርቭ ሴሎቹ 71 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። የራት 200 ሚሊዮን ይሆናል። ማካክ የሚባለው የላብራቶሪ ጦጣ 6.4 ቢሊዮን፣ ሰው 86 ቢሊዮን ገደማ አለው። ነገሩ መጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ በማባዛት ይፈታ ነበር። ግን አሠራሩም ይለያል። በሰውና በጦጣ ከግንባር ጀርባ ባለው የአንጎል ቅርፊት ሰፊ ቦታ ላይ ጥቃቅን ሴሎች የታጨቁበት አራተኛ ንብርብር አለ። በራት የፊት አንጎል ውስጥ ያ ንብርብር የለም። «የራት ፕሪፍሮንታል» (የፊተኛው አንጎል) የሚባለው ከሰው የትኛው ክፍል ጋር እንደሚዛመድ ሊቃውንቱ ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። ራት ደግሞ በራሱ ዓለም የተካነ ነው። በአፍንጫና በጢም ነው የሚያስበው ብል ማጋነን አይሆንም።

የዘር ርቀቱን ለማየት ከቤትሽ ብዙ አትርቂም፤ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ግቢ። ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። የእኛና የማካክ የጋራ አያት ግን 25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደኋላ ነው። የእኛና የአይጥማ 80 ሚሊዮን ገደማ ይርቃል። በዚህ ሂሳብ ሉሲ የትናንት ጎረቤት ናት። አይጥ የሰው ረቂቅ ሆኖ አያውቅም። በራሱ መንገድ 80 ሚሊዮን ዓመት የተጓዘ ዘመድ ነው።

አሁን ዋናው። «አንድ ዓይነት ፈተና» የሚለው። ከራሴ ላውራሽ። ተማሪ ሳለሁ ራቶችን ሁለት ማንሻ ባለው ሳጥን ውስጥ አሠለጥን ነበር። አንዱ ማንሻ ይወጣል፤ ራቱ ይጫነዋል፤ ማንሻው ተመልሶ ይገባል። ከ10 ሰከንድ በኋላ ሁለቱም ይወጣሉ። ቅድም የተጫነውን ከደገመ አንድ ጠብታ ጣፋጭ ውሃ አለው። ሰባተኛው ራት ከሌሎቹ ተለየብኝ። ጨርሶ አይሳሳትም። «ሊቁ» አልኩት፤ ለጓደኞቼም በኩራት አወራሁ። አንድ ማታ የሳጥኑን ቪዲዮ አዝግሜ አየሁት። ሊቁ 10 ሰከንዱን በሙሉ አፍንጫውን ማንሻው በገባበት ቀዳዳ ላይ ለጥፎ ቆሟል። አልተነቃነቀም። ምንም አላስታወሰም፤ ቆሞ ጠበቀ። እኔ አንጎሉ ውስጥ የምፈልገው ትውስታ እግሩ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ በጥበቃው ጊዜ ከኋላ ግድግዳ ላይ ያለ ሌላ ቀዳዳ እንዲነካ አስገደድነው። የሊቁ ማርክ በሳምንቱ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እኩል ሆነ።

ራቱን ብቻ እንዳትታዘቢው። ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱን እይ። ቴዎድሮስ አደባባይ ሳይደርስ የኋላዎቹ ሦስቱ 100 ብር ሰጥተውታል፤ መልስ አላቸው። ጋቢና አልከፈለም። አንዷ ጥቁር አንበሳ ወራጅ ናት። ይህን ሁሉ የሚይዘው «ወርኪንግ ሜሞሪ» የምንለው፣ ለጥቂት ሰከንድ ነገርን በአንጎል የማቆየት ችሎታ ነው እንላለን። ጣቶቹን ግን ልብ በይ። ብሩን በቁመቱ አጥፎ በጣቶቹ መሃል ሰክቶታል፤ መልስ ያለው ከሌሎቹ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል፦ «ከኋላ ሦስት፣ ጋቢና ቀረ፣ ከኋላ ሦስት።» እሱም እንደ ሊቁ ትውስታውን ግማሹን ሰውነቱ ላይ አራግፏል። ላይ ደግሞ ራት ጨርሶ የሌለው ነገር ጨምሮበታል፤ ቋንቋ። ያንቺ 12 ተማሪዎችም ኢኢጂ ቆብ አድርገው «ግራ፣ ግራ፣ ግራ» እያሉ በሆዳቸው ይደግማሉ። የሚመዘገበው ሞገድ የቦታ ትውስታ ነው ወይስ በሆድ የሚነገር ወሬ? ከራቱ ሞገድ አጠገብ ስታስቀምጪው ምኑን ከምኑ ነው የምታወዳድሪው?

ሥልጠናውም አለ። ለሰው «ነጥቡ የት እንደነበረ አስታውሺ» ብለሽ በአንድ ደቂቃ ትገልጪያለሽ። ጦጣን ለማሠልጠን ወራት ይፈጃል። በሺዎች ጊዜ የደገመ ጦጣና ሥራውን ዛሬ ያየ ሰው እኩል ጀማሪ አይደሉም። ጦጣው የሚሠራው ተጠምቶ ለጭማቂ ነው። ሰውየው ለትራንስፖርት ገንዘብ ወይም ላንቺ ሲል ነው። ጃፓን ውስጥ አዩሙ የተባለ ቺምፓንዚ እ.ኤ.አ. በ2007 ብልጭ ብለው የሚጠፉ ቁጥሮችን ቦታ በማስታወስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በለጠ ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። ኋላ ላይ ሰዎችም እንደ እሱ ሲለማመዱ ደረሱበት። ውድድሩ በአብዛኛው የልምምድ ነበር።

ፈተናው ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከሁሉም በላይ የሚያሳየኝ የሄንሪ ሞሌሰን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የሚጥል በሽታውን ለማቆም ከሁለቱም የአንጎሉ ጎን ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል አብዛኛውን ቆርጠው አወጡለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ያነጋገረውን ሰው ከደቂቃዎች በኋላ አያውቀውም። ቀዶ ሐኪሙ ስኮቪልና ሳይኮሎጂስቷ ብሬንዳ ሚልነር በ1957 ይህን አሳተሙ። ተመራማሪዎች ጉዳቱን በእንስሳ ላይ ሊደግሙት ሞከሩ። ያንኑ ቦታ ቆርጠው ጦጣውን ይፈትኑታል፤ ጦጣው ያልፋል። 20 ዓመት ያህል ግራ ተጋቡ። አንዳንዱ «የሰው ሂፖካምፐስ ከእንስሳው ይለያል» እስከማለት ደረሰ። የተለየው ግን ፈተናው ነበር። ለጦጣዎቹ የሚሰጠው ፈተና አንዱን ጥንድ ዕቃ ደጋግሞ በማሳየት «ይሄኛው ምግብ አለው» የሚያስለምድ ነው። ይህ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ሞሌሰንም አልጠፋበትም ነበር። ሞርቲመር ሚሽኪን በ1978 አንድ ጊዜ ብቻ የታየን ዕቃ የሚጠይቅ ፈተና ሲጠቀም የጦጣዎቹ ትውስታ ወደቀ። ቆይቶ ትክክለኛው ጉዳት የቱ አካባቢ ላይ እንደሆነ ብዙ ታርሟል፤ የፈተናው ትምህርት ግን ቆመ። ያ ሁሉ ዓመት የባከነው «የማስታወስ ፈተና» የሚል አንድ ስም ለሁለት ሥራ ስለተሰጠ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ማወዳደር ከንቱ ነው ብዬ እንዳይመስልሽ። በጣም የተሳካበት ቦታ አለ። ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 በራት ሂፖካምፐስ ውስጥ ቦታን የሚያውቁ ሴሎች አገኘ። ራቱ አንድ ጥግ ሲደርስ አንዱ ሴል ይተኩሳል፤ ሌላ ጥግ ሲደርስ ሌላው። ሜይ ብሪት ሞሰርና ኤድቫርድ ሞሰር በ2005 ደግሞ አካባቢውን እንደ መረብ የሚከፋፍሉ ሴሎችን ጨመሩ። ሦስቱም በ2014 ኖቤል ተሸለሙ። ለሰው ይሠራል ወይ? በ2003 መልስ መጣ። መድኃኒት አልመለስ ያላቸው የሚጥል በሽታ ሕሙማን፣ የበሽታውን ምንጭ ለማግኘት ሐኪሞች አንጎላቸው ውስጥ ሽቦ አስገብተውላቸው ነበር። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው የኮምፒውተር ጨዋታ ተሰጣቸው። ጨዋታው ምን ይመስልሻል? የታክሲ ሹፌር ሆኖ ከተማ ውስጥ ሰው ማድረስ። የሰውም ሂፖካምፐስ ቦታ የሚለዩ ሴሎች አሉት። ይህ ውጤት ለምን ጠነከረ? መለኪያው አንድ ነው፤ በሁለቱም ሽቦ። ሥራውም አንድ ነው፤ ቦታ ፈልጎ መድረስ። የታየውም «ሂፖካምፐስ በራ» የሚል ጅምላ ወሬ አይደለም፤ ይህ ሴል እዚህ ቦታ ላይ ይተኩሳል የሚል ዝርዝር ነው።

የራቱ አካባቢ ሲቀየር እነዚህ ሴሎች ካርታቸውን እንደ አዲስ ይደለድላሉ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እኔም 30 ዓመት የማውቀውን መታጠፊያ ስቼ ሁለቴ አልፌዋለሁ። ሴሎቼን የለካልኝ የለም፤ ስለዚህ ይህን እንደ ማስረጃ አትጥቀሺው። ግን ራቶቹን አስታወሱኝ።

ሌላው የተሳካው ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ጉዳይ ነው። ቮልፍራም ሹልትስ በጦጣ እንዳሳየው የዶፓሚን ሴሎች ሳይጠበቅ ጭማቂ ሲመጣ ይተኩሳሉ፤ ሲጠበቅ ከቀረ ዝም ይላሉ። በሰው የተለካው ደም ነው። ሆኖም ያ ደም የዚህኑ «የጠበቅኩትና ያገኘሁት» ልዩነት ቅርጽ ተከትሎ ከፍና ዝቅ ሲል ታይቷል። መለኪያው ተለያይቶም ንጽጽሩ የቆመው ሁለቱም በአንድ ስሌት ስለተተነበዩ ነው። ይህችን ነጥብ ያዢያት፤ ለጽሑፍሽ የምትጠቅመው እሷ ናት።

ያልተሳካውንም ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ግምገማ ለስትሮክ የተሞከሩ 1,026 ሕክምናዎችን ቆጥሮ ነበር። በእንስሳ ላይ ተስፋ የሰጡት ብዙ ናቸው፤ ለሰው የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ። ማውስ ደግሞ በተፈጥሮው አልዛይመር አይዘውም፤ የሰው ጂን ተጨምሮበት ነው በሽታውን የሚመስል ነገር የሚያሳየው። እነዚያን ማውሶች ያዳኑ ብዙ መድኃኒቶች ሰው ላይ ወድቀዋል። ስለዚህ «በአይጥ ተረጋግጧል» የሚል የማስታወሻ ክኒን ለፈተና ሰሞን የሚሸጥልሽ ሰው ካለ ገንዘብሽን ይዘሽ እለፊ።

ወደ አንቺ ዕቅድ ልመለስ። ትልቁ ወጥመድ የስም መመሳሰል ነው። ራት ሲሮጥ ሂፖካምፐሱ በሰከንድ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፤ «ቴታ» ይባላል። ሰው ሲያስታውስ ከግንባሩ በላይ ባለው የራስ ቆዳ ላይ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 የሚሆን ሞገድ ይታያል፤ እሱም «ቴታ» ይባላል። አንዱ ከአንጎል ጥልቅ ውስጥ በሽቦ የተቀዳ ነው። ሌላው ከራስ ቅል ውጭ የተሰማ የሌላ አካባቢ ጫጫታ ነው። የሰው ሂፖካምፐስ ራሱ በሽቦ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከራቱ የዘገየ ነው። ሁለት አበበዎች ስማቸው አንድ ስለሆነ ወንድማማች አይሆኑም። አንቺ ጎን ለጎን ልታስቀምጪ የነበረው እነዚህን ሁለቱን ነው።

የተግባሩም ችግር ቀላል አይደለም። ራት ላይ ሞገድ መቅዳት ቀዶ ጥገና ነው። ማደንዘዣ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ እንክብካቤ፣ የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃድ፣ የወራት ሥልጠና ይፈልጋል። ማደንዘዣው ሳይለቀው የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ነቅቶ ከሚያስብ ሰው ጋር ማወዳደሩ ቀልድ ነው። በሰው በኩል ያለውን ደግሞ መጽሐፍ አይነግርሽም። ሹሩባ የተሠራች ተማሪ ላይ ኤሌክትሮድ ቆዳ አይነካም፤ ጄሉን ብታፈሺም ሞገዱ ይንቀጠቀጣል። ፀጉሯን ፍቺ ማለት ደግሞ ነውር ባይሆንም ወጪ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሴቶችን ከጥናቱ መቀነስ ግን ይብሳል። በሰከንድ 50 ጊዜ (50 ኸርዝ) የሚወዛወዘው የመብራቱ ኤሌክትሪክም መዝገቡ ላይ ይገባል።

ምን አማራጭ አለሽ? ራቶቹን ራስሽ መሥራት በሁለተኛ ዲግሪ ጊዜና ገንዘብ አያዋጣም፤ ከነጭራሹ ተዪው። ሌሎች ያሳተሙትን የራት ሞገድ ወስደሽ ከራስሽ ኢኢጂ ጋር መደርደር ርካሽ ነው፤ ግን ከላይ ያልኩት የቴታ ወጥመድ ውስጥ ይጥልሻል። የኔ ምክር ሦስተኛው ነው፤ አንጎሉን ለጊዜው አስቀምጪና የስህተቱን ቅርጽ አወዳድሪ።

እንዲህ አድርጊ። በላፕቶፕ ስክሪን ላይ ነጥብ ከ8 ቦታዎች በአንዱ ብቅ ብሎ ይጥፋ። ጥበቃው አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ 4፣ አንዳንዴ 8፣ አንዳንዴ 16 ሰከንድ ይሁን። ከዚያ ተሳታፊዋ ቦታውን ትጠቁም። በግማሹ ዙር በነፃነት ትጠብቅ። በሌላው ግማሽ እጇን ወደ መሃል እንድትመልስና «ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ» እያለች ጮክ ብላ እንድትደግም አድርጊ። ለእኔ ሊቅ ራት የኋላውን ቀዳዳ እንዳስነካነው ማለት ነው፤ አንቺ የምትዘጊው ግን ጣቷንና የሆድ ወሬዋን ነው። ከዚያ ጥያቄሽ ግልጽ ይሆናል፦ ማምለጫው ሲዘጋ ትውስታ ከጊዜው ጋር በምን ፍጥነት ይወርዳል? ማምለጫ ተዘግቶባቸው የተፈተኑ ራቶችስ በታተሙ ጥናቶች ውስጥ እንዴት ወረዱ? ቁመቱን አታወዳድሪ፤ ሰው ሁልጊዜ ይበልጣል። የቁልቁለቱን ቅርጽ አወዳድሪ።

ጥበቃ የሌለበትን ዙር እንዳትረሺ፤ የሁሉም መሠረት እሱ ነው። «ሰኞ» ማለቱ እዚያም ላይ ውጤት ካወረደ፣ የተጎዳው ትውስታ ሳይሆን ትኩረት ነው። በእንስሳ ጥናት ላይም ስንቱ «ትውስታ አጠፋ» የተባለ መድኃኒት በዚህ ፈተና ወድቋል፤ እንስሳው እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት ነበር እንጂ አልረሳም። የምትጠብቂውን ውጤት ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት ጽፈሽ አስቀምጪ። 12 ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ስንት እንደሚበቃ ከስታቲስቲክስ መምህር ጋር ቁጭ ብለሽ አስቀድመሽ አስሊ። ኢኢጂ የግድ ካማረሽ በሰዎቹ ላይ ብቻ ጨምሪው፤ በክፍትና በዝግ ዙሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይንገርሽ። ስለ ራት ምንም እንዲያወራ አትጠይቂው።

ለጓደኞችሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ ጦጣ የሆነ ነገር በአንጎሉ ይዞ ይጠብቃል፣ ይህ ተለክቷል። «እንደኛ ያስባል» የሚለውን ግን ያ ጽሑፍ አልጠየቀም፣ ስለዚህ ሊመልስም አይችልም።

ዕቅዱን በአንድ ገጽ ጻፊው። ከላይ ጥያቄውን፣ ከሥሩ የአራቱን የጥበቃ ጊዜያትና የሁለቱን ዙሮች ሰንጠረዥ፣ ከታች የምትጠብቂውን ቁልቁለት በእርሳስ ሳዪው። ሰኞ ጠዋት አማካሪሽ ስብሰባ ከመግባታቸው በፊት በር ላይ ስጫቸው፤ አንድ ገጽ እየሄዱም ይነበባል።